አንድ ኳስ ለስልሳ ተማሪ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቅርጫት ኳስ የተገኘው ከአንድ መምህር ችግር ነው። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በበረዶ ወራት አዳራሽ ውስጥ የሚያስቸግሩትን 18 ተማሪዎች ለማሠራት ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ 13 ደንብ ጻፈ። የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው።

እኔ ዶዮገና ስማር ለስልሳ ተማሪ የነበረን አንድ ኳስ ነበር። መምህሩ ፊሽካ ይነፋሉ፤ «ጉልበት እጠፍ! ክንድ አንሣ! ወርውር!» ይላሉ። በ40 ደቂቃ ሁለት ጊዜ የወረወረ ዕድለኛ ነው፤ የቀረው ጊዜ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ማየት ነበር። እሳቸውን አልወቅስም፤ የተማሩት እንዲሁ ነበርና።

ሙስካ ሞስተን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማሪያ መጽሐፍ ከዚህ ከትእዛዝ ዘዴ ሌላ የመተራረምን ዘዴ አስረድቷል። ይኸውም ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲሠራ ሌላው መምህሩ በሰጠው ወረቀት እየተመራ ያርመዋል። መምህሩም የሚያነጋግረው አራሚውን እንጂ ሠሪውን አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አገሬ ስገባ ይህንኑ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር ሞከርሁት። ኳስ ላልደረሳቸው ከጨርቅ ጠቅልለን ሠራን፤ የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፣ ክርንና የእጅ አንጓን ለማስተካከል ግን ይበቃል። ቅርጫቱ 3.05 ሜትር ስለሚርቃቸው ትንንሾቹ ክርናቸውን ወደ ውጭ እያወጡ ይገፉ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ዝም አሉ፤ ታናሹ ታላቁን «ክርንህ ወጥቷል» ለማለት አፈረ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ወረቀቴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም፣ እርማቱ በከምባትኛ ይንጫጫ ጀመር። አንዲት ልጅማ የራሷን ስሕተት ያገኘችው የጓደኛዋን ስታርም ነው።

ይሁን እንጂ የትእዛዙን ዘዴ ጨርሰን እንጣለው አልልም። የኳሱን አያያዝ በመጀመሪያው ቀን ያለ ትእዛዝ ማስያዝ አልሆነልኝም፤ ማንጠርም እውነተኛ ኳስ ይፈልጋል። አራሚው ራሱ ካልገባው ደግሞ ስሕተቱን ያጸናል፤ ሁለት ልጆች በሁለት እጅ እየገፉ «ልክ ነው» ሲባባሉ እኔ ሳላያቸው አንድ ሙሉ ቀን አልፏል። ስልሳ ልጅ የሚጠብቅ ዓይን አንድ ብቻ ሲሆን እንዲህ ነው።

እንግዲህ መምህሮቻችንን የምለምነው፣ ለማስተማር ልምምድ ወደየወረዳው ስንወጣ ከፊሽካው ጋር የእርማት ወረቀትም ይዘን እንድንገባ፣ የምንመዘነውም ሰልፍ በማሳመራችን ብቻ እንዳይሆን ነው። ወረቀቱም ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ ቢጻፍ እወዳለሁ፤ ለዶዮገና የሚሆነውን እኔ ጀምሬዋለሁ።