መሀል ሜዳ ላይ ግራይንደር ሲገዛ

ወንድ አቅራቢ፦ እህቴ፣ የመሀል ሜዳና የዓለም ከተማ በያጆችና አናጢዎች ግራይንደር ወይም ድሪል ሲገዙ ቀድመው የሚጠይቁት ዋጋ ነው። አይፈረድባቸውም፤ በላብ የመጣ ገንዘብ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ አይፈረድም። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ካርቦኗን እጠይቃለሁ። ሞተሩ ውስጥ ያለች፣ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ቁራጭ ናት። እያለቀች ስትሄድ መሣሪያው ብልጭታ ያበዛል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል! መለዋወጫዋ ደብረ ብርሃን ከተገኘ ርካሹም ያዋጣል።

ወንድ አቅራቢ፦ በጀኔሬተር የሚሠሩትስ?

ሴት አቅራቢ፦ መሀል ሜዳ ያለችበት የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ለ2000 ዋት መሣሪያ 2000 ዋት ጀኔሬተር አይበቃም።

ወንድ አቅራቢ፦ ያገለገለስ?

ሴት አቅራቢ፦ ሰክተህ ሳታስነሳው ብር አትቁጠር። የዲስክ መከለያው የወለቀውን ግን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚፈታው ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ነው። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11000 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ባለ 230 ሚሊሜትሩ ዲስክ የሚችለው 6600 ብቻ ነው። ይፈነዳል፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

ወንድ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ መከለያውን አትፍቱት።