የልብ ክለብና የእንጀራ ሙያ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ የሚይዘውን ክለብ መርጦ አይዝም። አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ እጁን ይዞ ካታንጋ ያስገባዋል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሰው ሰፈሩን ይለውጣል፤ የፖለቲካ አቋሙንም ሲገለብጥ ታይቷል፤ ክለቡን ሲለውጥ ግን እምብዛም አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ያ ልጅ አድጎ ስፖርትን መተዳደሪያው ለማድረግ የተነሣ ዕለት ነው። ዳኛ ወይም አሠልጣኝ፣ ጋዜጠኛ ወይም ወጌሻ፣ አልያም የፌዴሬሽን ሹም ይሆናል። ሥራው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ዓይን ነው፤ በልጅነቱ የተሰጠው ዓይን ደግሞ ሌላ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የበለጠ ምስክር ለማግኘት ያስቸግራል። በ1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት እኚህ ሰው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ከክለቡ ጋር አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ለሃያ ሦስት ዓመታት ያንኑ አንድ ማልያ ለብሰው 365 ጊዜ እንደተሰለፉና 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም ነገሩን ሁሉ አይገልጸውም። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን የነጩና የጥቁሩ ውድድር ተለያይቶ ነበር፤ ክለቡም በግድ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ስም ተለጥፎበታል። በዚያ ጊዜ ጊዮርጊስ መሆን የኳስ ፍቅር ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ፍቅር አንድ ቀን በሹመት ደብዳቤ ምክንያት ከልብ አውጥቶ መጣል የሚቻል አይመስልም፤ አቶ ይድነቃቸውም ጣሉት የሚል የለም።

ፈተናው የደረሰው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠኑት እርሳቸው ነበሩ። ዘመኑን በሙሉ ለአንድ ክለብ ያዋለ ሰው፣ የአገሩን አሥራ አንድ ስም በወረቀት ላይ እንዲጽፍ ሲሰጠው እጁ ወዴት ያዘነብላል? አምበሉ ከአስመራ የተገኘው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ (በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) ሁለት ጊዜ መርታ፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነች፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው ይኸው አምበል ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። መንግሥቱ ሲያገባ በአሠልጣኙ ልብ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ደስታ ተነሥቶ ይሆናል። ይህ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ያ ሁለተኛው ደስታ ከጨዋታው በፊት ገብቶ አሰላለፉን ቢጽፍ ኖሮ ነበር።

እርግጥ የዚያን ዘመን ሁሉ በዛሬ ሚዛን መመዘን አይገባም። አንድ ሰው ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ አስተዳዳሪም የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ በደንብ ይከለከላል፤ መከለከሉም ተገቢ ነው። ያኔ ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበርና ደንቡ ያልሠራውን የሰውየው ጠባይ መሥራት ነበረበት። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የዘር መድሎን መንግሥት ቡድን ከዓለም መድረክ ለማስወጣት ሲታገሉ፣ የአራዳው ልጅ ጉዳይ ከአንድ ሰፈር ክለብ በጣም ርቆ ሄዶ ነበር።

በሌላ አገር ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። በሊቨርፑል አጠገብ በቡትል የተወለደው ጄሚ ካራገር የቤተ ሰቡ ክለብ ኤቨርተን ነበር፤ ሊ እና ደንከን የሚሉት ተጨማሪ ስሞቹ እንኳ ከኤቨርተኑ አሠልጣኝ ከጎርደን ሊና ከተጫዋቹ ከደንከን ማኬንዚ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ሰው ለባላንጣው ለሊቨርፑል 737 ጊዜ ተሰለፈ። እርሱም ቢሆን ልቡን በአንድ ሌሊት አልገለበጠም፤ የልጅነቱ ፍቅር ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ከእርሱ በፊት ኢያን ረሽ፣ እርሱም በልጅነቱ የኤቨርተን ደጋፊ የነበረ፣ በሁለቱ ክለቦች ግጥሚያ 25 ግብ አግብቶ የልጅነት ክለቡን ደጋፊዎች ሲያስለቅስ ኖሯል። ዴኒስ ሎው ግን ቀላል አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1974 ለማንቸስተር ሲቲ ሲጫወት አሥራ አንድ ዓመት ባገለገለው በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ በተረከዙ አገባ፤ አልተደሰተም፤ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ ወጣ። የሌሎቹ ጨዋታዎች ውጤት ሲታይ ዩናይትድ ያለዚያች ግብም ከዲቪዚዮኑ ይወርድ ነበር፤ ይህ ግን ሐዘኑን አላቀለለለትም። ግቧ ግን ተቆጠረች፤ ሙያው የጠየቀውም ይህንኑ ነበር።

ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአርማታ ናሙና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያው መሣሪያ ሲሰበር የተቋራጩን ስም አያውቅም። ተቆጣጣሪው ግን ያውቃል፤ ተቋራጩ የትምህርት ቤት ጓደኛው ሊሆን ይችላል፤ ንባቡ ከተወሰነው ሲያንስ ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ አለበት። ጓደኝነቱን እንዲተው የጠየቀው የለም። የሜዳ ዳኛ ግን የሚሰብረው ናሙና የለውም፤ በእርሱ ዘንድ መሣሪያው ራሱ ሰውየው ነውና ከመሐንዲሱ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። ስለዚህም በእንግሊዝ ዳኞች የሚደግፉትን ክለብ አስቀድመው ያስመዘግባሉ፤ ክለባቸው በሚገጥምበት ጨዋታም አይመደቡም። ፍቅሩን መደበቅ ሳይሆን ገልጦ ማስመዝገብ የተሻለ ዘዴ ነው፤ የተደበቀ ፍቅር በፊሽካው ይወጣልና።

ማይክ ዲን የተባለው ስመ ጥር ዳኛ የትራንሚር ሮቨርስ ደጋፊነቱን ደብቆ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ክለቡ የግማሽ ፍጻሜውን የመልስ ጨዋታ በፎረስት ግሪን ሜዳ ሲያደርግ፣ ፊሽካውን ቤቱ ትቶ ከደጋፊው መካከል ቆሞ እንደ ማንኛውም ሰው ሲያጨበጭብና ሲዘል ታየ። ምስሉ በዓለም ዞረ፤ ብዙ ሰው ሳቀ። ትራንሚር በዚያው ወር በዌምብሊ ኒውፖርትን 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ወጣ።