የቲምን እስከ ሙያ ማድረስ

(ለማኅበራችን ለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲሞች ቀለብ፣ ልብስ፣ ደብተርና ሕክምና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ይገባልም። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ስሙ ከድጋፍ መዝገብ በሚወጣበት ቀን በእጁ ምን ይዞ ይወጣል? ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የግንባታ ሙያ ነው፤ ንግግራችንም በእርሱ ላይ ያተኩራል።

በቅዱስ ቁርኣን፣ በምዕራፍ አል-ከህፍ፣ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከአንድ ደግ የአላህ ባሪያ ጋር ስላደረጉት ጉዞ እናነባለን። እንግዳ ማስተናገድን እምቢ ባለች ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ፤ ደጉ ሰውም አቀናው። ነቢዩ ሙሳ ለድካሙ ዋጋ ሊቀበል ይችል እንደነበር አሳሰቡት። ምስጢሩ የተገለጠው ኋላ ነው። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር፤ ከሥሩም የእነርሱ ድልብ ነበረ። አላህም ልጆቹ ለአቅመ አዳም ደርሰው ድልባቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ፈቀደ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የቲምን መደገፍ የራሱን ሀብት በራሱ እጅ ማውጣት እስከሚችልበት ቀን ድረስ መዝለቅ እንዳለበት ነው። ከየቲሞቻችን ብዙዎቹ ከአባታቸው የተቀበረ ድልብ አልወረሱም። በእጃቸው ልናኖርላቸው የምንችለው ድልብ ሙያ ነው።

የቀን ሠራተኛና ባለሙያ

በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይውላሉ። የቀን ሠራተኛው አሸዋ ያመላልሳል፣ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ያቦካል። ግንበኛው፣ አናጺው፣ የፌሮ ሠራተኛው፣ በያጁ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ሙያቸውን ይሠራሉ። የሁሉም ላብ ሐላል ነው፤ ክፍያቸው ግን አይተካከልም። የቀን ሠራተኛው የሚከፈለው ለጉልበቱና ለዋለበት ቀን ብቻ ነው። ዝናብ ከጣለ፣ ሲሚንቶ ከጠፋ ወይም ከታመመ የዚያን ቀን ገቢ ያጣል። ሙያ ካልተማረ ዐሥር ዓመት ሠርቶም ቢሆን ትናንት ከመጣው ጋር ያው ዋጋ ይቀበላል።

ባለሙያው በቀን ወይም በወር ደመወዝ ሊቀጠር፣ ሥራውንም በቁርጥ ሊይዝ ይችላል። የብሎኬት ግንብ፣ ልሰንና ንጣፍ በካሬ ሜትር፣ የፌሮ ሥራ በኪሎ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በነጥብ ይታሰባል። ስለዚህ እጁ ሲፈጥንና ሥራው ሲጠራ ገቢው ያድጋል። መሰላሉም አለው፤ ረዳት ሆኖ የጀመረ ባለሙያ፣ ቀጥሎ ቡድን መሪ፣ ከዚያም ፎርማን ይሆናል። ፕላን ማንበብና ሒሳብ ማስላት የቻለም ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ለሌሎች እንጀራ ይፈጥራል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት በማምረትና በሌሎች ሥራዎች ተሰማርተው ነበር። እንዲህ ያለ ግንባታ ይጀመራል፣ ያልቃል። ባለሙያ የሆነ ሰው ሙያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የምስክር ወረቀቱ

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃዎች የተከፈለ ነው፤ ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ ያድጋል። በአዲስ አበባ እንደ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት ያሉ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች አሉ። ሠልጣኙ በንድፈ ሐሳብና በተግባር ተመዝኖ ብቁ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫ ያገኛል። ሥራውን በልምድ የተማረ ወጣትም ለዚሁ ምዘና መቅረብ ይችላል። ወረቀቱ ልጁን ለማያውቀው አሠሪ ይመሰክርለታል፤ የሚያስተዋውቀውና የሚዋሰው አባት ለሌለው ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤተሰቦችም ሕጉን እንዲያውቁት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በአደገኛ ሥራ ላይ እንዲሰማራ አይፈቀድም። ስለዚህ 16 ዓመት የሞላውን ልጅ ገንዘብ ያመጣል ብለን ወደ ከፍተኛ መወጣጫ አንስደደው።

የእናቶች ጭንቀት

አባት በሌለበት ቤት የበኩር ልጅ የዛሬ የቀን ምንዳ የዛሬ እራት ነው። ሥልጠና ግን ወራትን ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ቤቱ ገቢ ይጎድለዋል። ልጇን ከኮሌጅ አስወጥታ ወደ ቀን ሥራ የምትልክ እናት ሙያን ንቃ አይደለም፤ የታናናሾቹ ረኃብ አስገድዷት ነው። እርሷን በምክር ብቻ ልናጽናናት አንችልም። ይህን ክፍተት መሙላት የእኛ የደጋፊዎች ድርሻ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ልጁ ሥልጠና ላይ እስካለ ድረስ 18 ቢሞላውም ድጋፉ አይቋረጥ፤ የምሳና የትራንስፖርት ወጪውም ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ ሲመረቅ ማንኪያ፣ ቱንቢ፣ ውኃ ልክና ሜትር፣ እንዲሁም የራስ መከላከያ ቆብና ጫማ ይገዛለት፤ መሣሪያ የሌለው ባለሙያ ተመልሶ ተሸካሚ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ የምዘናው ወጪ ይሸፈን። አራተኛ፣ በመካከላችሁ ያላችሁ ተቋራጮች ለትብብር ሥልጠና አንድ ወይም ሁለት ልጆች ተቀበሉ፤ የሚገባቸውንም ክፍያ ሳታዘገዩ ስጡ።

ስለ ሴት ልጆቻችንም አንድ ቃል እንጨምራለን። በየግንባታው ድንጋይና አሸዋ ከሚሸከሙት መካከል ብዙ ሴቶችን እናያለን፤ ከባለሙያዎቹ መካከል ግን ጥቂቶች ናቸው። ከባዱን ሸክም የፈቀድንላት ልጅ የኤሌክትሪክ ዝርጋታን፣ ቅየሳን፣ የቀለምና የንጣፍ ሥራን ብትማር ማን ይቃወማል? ፍላጎቱ ያላቸውን በእኩል እንመዝግብ።

ውድ ቤተሰቦች፣ የልጃችሁን ዝንባሌ መርምሩ። ከፍታ የሚያስፈራውን ግንበኛ ሁን ብላችሁ አታስገድዱት፤ ቁጥር የሚወደውንም በሸክም አታስቀሩት። ውድ ለጋሾች፣ ዛሬ አንድ የቲም ለሙያ ብታበቁ ነገ ታናናሾቹን በእርሱ እጅ ታበላላችሁ፤ ኢንሻአላህ እርሱም በተራው ሰደቃ ሰጪ ይሆናል።

አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ በሀብታችሁና በልጆቻችሁ በረካ ያድርግላችሁ። አሚን።