«እግር ማሞቂያ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ሜርስታ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቀን፣ ስለ ፊደል ወይም ስለ ሰዋስው የምናወራ መስሎት ይሆናል። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን፣ ዛሬ ከአርላንዳ መንገደኛ የምናመላልስ ታክሲ ነጂዎች ስለሆንን በደንብ የምናውቀው የመንገዱንና የብርዱን ቋንቋ ነው። ስለዚህ የመረጥነው ቃል ትንሽ ነው፤ «እግር ማሞቂያ» የሚለው።

ቃሉ በአማርኛ ሲታይ ምንም ችግር የለበትም። ከአነደደ ማንደጃ እንደሚወጣ ሁሉ ከአሞቀም ማሞቂያ ይወጣል። ስዊድኖቹም «ፉትቨርማሬ» ሲሉ «ፉት» እግር፣ «ቨርማሬ» ማሞቂያ ማለት ነው። ቃል ለቃል ይገጥማል። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው የትኛው ነው ሲባል ነው።

እኛ ባደግንበት ቤት ለእግር ብቻ ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ አልነበረም። በመንዝና በደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ሰው እግሩን የሚያሞቀው ምድጃ ዳር ተቀምጦ ወይም ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ እግሩን ይታጠባል። የእግር ሙቀት ከዕቃ ይልቅ ከሰው እጅ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

አውሮፓውያን ግን ከጥንት ጀምሮ ዕቃውን ሠርተውታል። ሆላንዶች «ስቶፍ» የሚሉት ክዳኑ የተበሳሳ የእንጨት ሣጥን ነበራቸው፤ ውስጡ ፍም የያዘ ዕቃ ይቀመጥና ሰው እግሩን በላዩ ያሳርፋል። ሰዓሊው ቨርሜር በ1650ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሳላት ወተት ቀጂ ሴት ሥዕል ላይ ይህ ሣጥን ከኋላዋ ወለሉ ላይ ይታያል፤ ሥዕሉ ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም ይገኛል። እንግሊዞችም በ19ኛው መቶ ዘመን ለባቡር መንገደኞች ሙቅ ውሃ የተሞላ የብረት ዕቃ ከእግራቸው ሥር ያስቀምጡላቸው ነበር።

ዛሬ እዚህ ሱቅ ብትገቡ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ሙቅ ውሃ የሚሞላው ላስቲክ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል ሁሉ አለ። እኛ ደግሞ የሱፍ ካልሲውንም ጨምረን ሁሉንም «እግር ማሞቂያ» እንላቸዋለን። እንዲያውም እኛ ሾፌሮች በክረምት «ማሞቂያውን ሰካኸው?» ስንባባል የምንጠይቀው ስለ መኪናው ሞተር ነው። ይህ ያስቃል። ቀጥሎ የምንነግራችሁ ግን አያስቅም።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ልጃቸው አስተርጓሚ ሆነ። ነርሷ «ፉትቨርማሬ እንዳይጠቀሙ» አለች። ልጁም «እማዬ፣ እግር ማሞቂያ አታድርጊ ብላለች» ብሎ ተረጎመ። በመዝገበ ቃላት ብትፈትሹት ስሕተት የለበትም። እናት ግን «እግር ማሞቂያ» የሚሉት የሱፍ ካልሲያቸውን ነበር። ቤት ሲገቡ ካልሲውን አወለቁ። ማታ ሲበርዳቸው እግራቸውን በኤሌክትሪክ በሚሞቀው ትራስ ላይ አሳርፈው ተኙ፤ እሱን የሚጠሩት «ትራስ» ብለው ነዋ! ጠዋት ሲነሡ ተረከዛቸው ውኃ ቋጥሯል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቃጠል አልተሰማቸውም። ቁስሉ እስኪድን ወራት ፈጀ። ልጃቸው ዛሬ እዚህ አብሮን ተቀምጧል፤ «ለሌላው ትምህርት ይሁን፣ ንገሩት» ያለን እሱ ራሱ ነው።

ምክንያቱን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። ስኳር በሽታ ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ነርቩ የተጎዳ እግር ቃጠሎና ሕመም አይለይም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው ሽቦ ያለው፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ወይም ፍም ያለበት ነገር ሁሉ አደገኛ ነው። የማያጠብቅ ወፍራም ካልሲ ግን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። እግርን በየቀኑ ማየት፣ መታጠቢያ ውሃውን አስቀድሞ በክርን መለካት ደግሞ ልማድ መሆን አለበት።

እንግዲህ እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ማሞቂያ» የሚለውን ስም ራሱ ሙቀት ለሚያወጣ ዕቃ ብቻ እናድርገው። የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቀውን በየስሙ፣ ካልሲውን ካልሲ፣ ብርድ ልብሱን ብርድ ልብስ እንበለው። ለወላጆቻችን ስንተረጉም ስሙን ብቻ አንናገር፤ ዕቃውን አንሥተን «ይኼ ነው የተከለከለው፣ ይኼ ይቻላል» ብለን እናሳይ። ለቀጠሮ ስንደውልም አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ልጅ ለእናቱ ሁልጊዜ ጥሩ አስተርጓሚ አይደለም፤ እናትም ልጇን ላለማስቸገር ብላ መልሳ አትጠይቅም።

ፍም ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በክረምት መስኮት ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላት፣ ማንደጃውንም እግር ሥር ማቆየት ይቅር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን እንደተኛ ያስቀረዋል።

ማኅበራችን 10 ዓመት የቆየው በገንዘብ ብዛት አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተረዳ ስለቆየ ነው። እግራችሁን ብርድ፣ ቤታችሁን ክፉ አይንካው። ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።