ያረጀው ትርኢት እንደ ገና ይሠራን?

(በማኅበራችን የክርክር ምሽት የተነገረ)



ለዛሬው ምሽት የቀረበልን ጥያቄ «በቴሌቪዥን ታይተው ስም ያተረፉት የቀድሞ የሳይንስ ልብ ወለድ ትርኢቶች እንደ ገና ሊሠሩ ይገባልን?» የሚል ነው። ከእኔ በፊት የተናገረው ወንድማችን «አዎን፤ ሥዕሉ አርጅቷል፤ ዕቃው የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ የዛሬ ወጣት በጥቁርና ነጭ የተነሣ ፊልም አምስት ደቂቃ አይታገሥም» ብሏል። ሐሰት ነው አልልም። እኔም ራሴ «ትዋይላይት ዞን» የተባለውን ተከታታይ ትርኢት (በእኛ ቋንቋ «የድንግዝግዝታ ክልል» ብንለው ይስማማዋል) መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሥቄአለሁ። በ1963 በታየው፥ በ20,000 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሚደርስ ቅዠት በሚተርከው ክፍል፥ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ሆኖ ሞተሩን የሚነካካው ፍጡር ጠጕራም ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን እግረ መንገዴን ልንገራችሁ።

ሣቄ ግን ብዙ አልቈየም። በዚያ ክፍል የሚያስፈራው ፍጡሩ አይደለምና። የሚያስጨንቀው በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ሰውየው በአእምሮ ሕመም ታክሞ ገና መውጣቱ ነው። ያየውን ቢናገር ሚስቱም ሆነች የአውሮፕላኑ ሠራተኞች «ሕመሙ ተመለሰበት» ይላሉ እንጂ አያምኑትም። ዝም ቢል ሁሉም ያልቃሉ፤ ቢጮኽ እብድ ይባላል። ይህን ለማሳየት ከአንድ ጥሩ ተዋናይ ፊት በቀር ምን ዕቃ ያስፈልጋል? በ1983 ይኸው ታሪክ ለሲኒማ እንደ ገና ሲሠራ ፍጡሩ በእውነት አስፈሪ ሆነ፤ ተሳፋሪው ግን ከመነሻው በፍርሃት የሚርበተበት ሰው ሆኖ ቀረበ። በእኔ አስተያየት አንዱ ሲሻሻል ሌላው ተበላሸ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እነዚህ ትርኢቶች ለምን ተጻፉ? የ«ትዋይላይት ዞን» መሥራች ሮድ ሰርሊንግ ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን ለመጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። በ1955 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች እጅ ተገደለ፤ ገዳዮቹ በችሎት ፊት ቀርበው በነፃ ተለቀቁ። ሰርሊንግ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ድራማ ጻፈ። ድራማው በ1956 በቴሌቪዥን ሲታይ ግን የትርኢቱን ወጪ የሚከፍለው ኩባንያ ወገን ስለ ፈራ፥ ቦታው ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ የተገደለውም ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ማንነቱ ያልተገለጸ የውጭ አገር ሰው ሆነ። የኮካ ኮላ ጠርሙስ እንኳ ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ እንዲወጣ ተደረገ! ሰርሊንግ ከዚህ በኋላ የሰም ዋጋ የገባው ይመስለኛል። በ1959 «ትዋይላይት ዞን» ሲጀመር፥ ሰው በራሱ ስም ሊናገረው የማይፈቀድለትን ነገር ከሌላ ዓለም በመጣ ፍጡር አፍ ማናገር ቻለ። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ይህን ዘዴ ማንም ሊያስተምረን አይገባም።

ወርቁ ወዴት እንዳለ ለማየት በ1960 የታየውን የሜፕል ጎዳናን ታሪክ ተመልከቱ። በአንድ ሰላማዊ ሰፈር በሰማይ ላይ አንድ ብርሃን ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ወዲያው መብራቱ፥ ስልኩ፥ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። አንድ ልጅ ካነበበው ተረት ተነሥቶ «ከመካከላችን ሰው መስለው የተላኩ አሉ» ይላል። አዋቂዎቹ መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ ቀጥሎ የአንዱ ጎረቤት መኪና ብቻዋን ስትነሣ ሣቁ ይቆማል። «ሌሊት ሌሊት ቆሞ ሰማይ ሲያይ አይቼዋለሁ» የሚል ምስክር ይገኛል። በመጨረሻም ነገሩን ሊያጣራ ሄዶ በጨለማ ሲመለስ የነበረውን የገዛ ጎረቤታቸውን ተኵሰው ይገድላሉ። ከሌላ ዓለም የመጡት ሁለቱ እንግዶች በኮረብታው ላይ ሆነው መብራት ከማጥፋትና ከማብራት በቀር ምንም አላደረጉም። ጎረቤት ጎረቤቱን በከሓዲነት በሚጠረጥርበት በዚያ ዘመን ይህን በየሰው ሳሎን ማሳየት ድፍረት ነበረ።

የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው። ይህንኑ ክፍል ሳይለውጡ በቀለምና በአዲስ ዕቃ ዛሬ መሥራት ድፍረት አይጠይቅም። ከስድሳ ዓመት በላይ ያለፈውን ፍርሃት ዛሬ መድፈር ማንን ያስቈጣል? ሠሪው የደፋር ስም ያገኛል፤ አደጋውን ግን ከፍሎ የሄደው ሌላ ሰው ነው። ከዚህም በላይ የታወቀ ስም ገበያ ስላለው፥ ስለ ዛሬው ፍርሃት አዲስ ታሪክ ጽፎ ለመጣ ሰው ሊሰጥ የሚገባው ሰዓትና ገንዘብ ለአሮጌው ይውላል። ከእኛ መካከል ማታ ማታ የሚጽፉ አሉ፤ ይህ ነገር እነርሱን ይመለከታል።

ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ልከለክል አልችልም። የሜፕል ጎዳና ታሪክ በ2003 እንደ ገና ሲሠራ ከሌላ ዓለም የመጡት ቀርተው መብራቱን ያጠፋው የራሳቸው መንግሥት ወታደር ሆነ፤ ሕዝቡ አሸባሪን ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ለመፈተን ነው። የመስከረም 2001 ጥቃት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው መሆኑን አስቡ። እንደ ትርኢት ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ቢሆንም ሰሙን ይዞ ወርቁን በዘመኑ ወርቅ ለውጧል። እንዲህ ያለውን ሠሪ አልቃወምም።

ሁለተኛው ፈቃዴ ለጠፋው ነው። «ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» የተባለው የእንግሊዞች ትርኢት በ1953 በቀጥታ ሲተላለፍ ከስድስቱ ክፍሎች ተቀድተው የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በ2005 እንደ ገና፥ ያውም እንደ ጥንቱ በቀጥታ፥ መሠራቱ ተገቢ ነበረ፤ የሚታይ የለምና። ይሁን እንጂ «ጠፍቷል» ከማለት በፊት መፈለግ ያሻል። ቢ.ቢ.ሲ. የ«ዶክተር ሁ»ን ብዙ ክፍሎች ከቴፕ ላይ ደምስሶ ነበር፤ በ2013 ግን ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄሪያ፥ በጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መገኘታቸው ተነገረ። በለንደን የተደመሰሰውን አፍሪካ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ጠብቆት ኖሯል።

«ወጣቱ አያይም» ለተባለው መልሴ አጭር ነው። የ1960ው ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ነው፤ የማኅበራችን ጸሓፊ አዘጋጅቶታል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አብረን እንየው። ሥቃችሁ ከወጣችሁ ለወንድማችን ድምፅ ስጡ። በበሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ እባካችሁ መብራቱን አጥፉልን።