ድምፁ የማን ነው? የዊትኒ ሂውስተን የመጀመሪያ አልበምና አቀባበሉ



ዛሬ የምናገረው ዊትኒ ሂውስተን ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ስላወጣችው፣ በራሷ ስም ስለተሰየመው የመጀመሪያ አልበሟ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አልበሙ አሥር ዘፈኖች አሉት፤ ድምፃዊቷ ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። ሥራው በገበያ የተሳካ መሆኑን ማንም አይክድም። ሲያከራክር የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ድምፅ የሶል ነው ወይስ የፖፕ? ከጥያቄው በስተጀርባም ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የአንድን ድምፃዊ ወገን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

አስቀድሜ ድምፁ ከየት እንደመጣ ላስታውስ። ሂውስተን የተወለደችው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒውአርክ ከተማ ነው። መዘመር የጀመረችው በዚያው በኒው ሆፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። እናቷ ሲሲ ሂውስተን የጎስፔል ዘማሪ ከመሆኗም በላይ «ስዊት ኢንስፒሬሽንስ» ከተባለው ቡድን ጋር ለአሬታ ፍራንክሊን ትቀበል የነበረች ናት። ዲዮን ዋርዊክም የቅርብ ዘመዷ ናት። የአሪስታ ኩባንያ ኃላፊ ክላይቭ ዴቪስ በ1983 ካስፈረማት በኋላ ተስማሚ ዘፈኖችንና ፕሮዲዩሰሮችን ለማግኘት ሁለት ዓመት ገደማ ወሰደ። በመጨረሻም ካሺፍ፣ ጀርሜይን ጃክሰን፣ ማይክል ማሰርና ናራዳ ማይክል ዋልደን ሥራውን ተከፋፈሉት።

የአልበሙን አቀባበል ለመረዳት የዘመኑን የአሜሪካ ራዲዮ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ጣቢያዎቹ በሙዚቃ ዓይነት የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ክፍፍሉም በአብዛኛው የአድማጩን ዘር የተከተለ ነበር። የቢልቦርድ መጽሔት ሰንጠረዦችም እንዲሁ ተለያይተው ይወጡ ነበር። ስለዚህ አንድ ዘፈን አስቀድሞ የተላከበት ጣቢያ ዘፋኙ ለማን እንደታሰበ ይናገራል። ከዚህ አልበም በመጀመሪያ በነጠላ የወጣው «ዩ ጊቭ ጉድ ላቭ» የታለመው ለጥቁር አሜሪካውያን አድማጮች ነበር። በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ፖፑ ተሻግሮ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። «ሴቪንግ ኦል ማይ ላቭ ፎር ዩ»፣ «ሃው ዊል አይ ኖው» እና «ግሬተስት ላቭ ኦፍ ኦል» በየተራ የፖፑን ሰንጠረዥ አንደኛነት ያዙ። አልበሙ ራሱ ግን ከሁሉም በላይ የወጣው በማርች 1986 ማለትም ገበያ ላይ በዋለ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ስፍራ በድምሩ አሥራ አራት ሳምንት ቆየ።

ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። ሂውስተን ከመነሻዋ ለነጭ አድማጭ ተብላ የተሠራች ናት የሚለው ክስ ከዚህ መረጃ ጋር አይገጥምም። በመጀመሪያ ያዳመጣት ማኅበረሰብ የራሷ ነበር።

ሐያስያን ድምፁን አደነቁ፤ ብዙዎቹ ግን ዘፈኖቹን ከድምፁ በታች አድርገው አዩ። በሽልማቱ መድረክም ያልተለመደ ነገር ተከሠተ። በ1986 በግራሚ የምርጥ ሴት የፖፕ ድምፃዊነትን ሽልማት ስታገኝ፣ ለምርጥ አዲስ አርቲስት እንዳትወዳደር ግን ተከለከለች፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል ከቴዲ ፔንደርግራስ ጋር በጥምረት ዘፍና ነበር። ያ የጥምረት ዘፈን ከዚሁ ከመጀመሪያ አልበሟ አሥር ዘፈኖች አንዱ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል። ከዚህ የከፋው በ1989 መጣ። በሶል ትሬይን ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ስሟ ሲጠራ ከታዳሚው መካከል የተቃውሞ ጩኸት ተሰማ። ወገኗን ትታለች የሚለው ወቀሳ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተነገራት ማለት ነው።

እስኪ ወደ ሥራው እንመለስ። «ሃው ዊል አይ ኖው» በኤሌክትሮኒክ ከበሮ የሚሄድ የዳንስ ዘፈን ነው፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ግን እናቷ ሲሲ ናት። በመሪና በተቀባይ መካከል ያለው ምልልስ የቤተ ክርስቲያኑን ልማድ ይዟል። «ሴቪንግ ኦል ማይ ላቭ ፎር ዩ» በንግግር ያህል ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ ኃይሉ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ነው። አንዱን ቃል በብዙ የዜማ ድምፅ እያወዛወዙ ማውረድን ከጎስፔል ተምራዋለች፤ በልክ ትጠቀምበታለች እንጂ አልጣለችውም። ሶልን በሻካራ ጉሮሮና በጩኸት ብቻ የሚፈልግ ጆሮ ይህን ቁጥብነት እንደ ባዶነት ሊቆጥረው ይችላል።

የሐያስያኑን ወቀሳ በሙሉ ውድቅ አላደርግም። የአንዳንዶቹ ዘፈኖች ግጥም ተራ ነው። «ግሬተስት ላቭ ኦፍ ኦል» ስለ መሐመድ አሊ በተሠራው የ1977 ፊልም በጆርጅ ቤንሰን ድምፅ የተሰማ፣ ሌሎችም አስቀድመው በሌሎች ድምፃውያን የተዘፈኑ ናቸው። የኩባንያው ጥንቃቄም በግልጽ ይታያል። ይሁን እንጂ «ዘፈኑ ደካማ ነው» ማለትና «ዘፋኟ ከእኛ አይደለችም» ማለት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራውን አዳምጦ በማስረጃ ሊሟገቱበት የሚችሉት ሂስ ነው። ሁለተኛው ግን የሰውን ማንነት በገበያው ስፋት ይለካል፤ ብዙ ሰው የወደዳት ዘፋኝ ለመወደዷ ይቅርታ እንድትጠይቅ ያስገድዳታል።

ተማሪዎቼን የማሳስበው ይህን ነው። የአንድን አልበም አቀባበል ስታጠኑ «ተወደደ» ወይም «ተነቀፈ» በሚል ጥቅል ቃል አትርኩ። ማን አስቀድሞ አዳመጠው? በየትኛው ጣቢያ? ወቀሳው መቼ ተነሣ፤ ከስኬቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በሂውስተን ረገድ «ወገኗን ትታለች» የሚለው ድምፅ ጎልቶ የተሰማው አልበሟ የፖፑን ዙፋን ከያዘ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የተለወጠው የአድማጩ ስፋት መሆኑን አልበሙን ዛሬ መልሶ ያዳመጠ ሰው ሊመረምረው ይችላል።