ቀበርቾ፦ ከጭሱ በፊት ያለው ተክል

የባቲ ሰኞ ገበያ ደገኛውንና የአፋሩን ቆለኛ ያገናኛል። የዛሬው እንግዳችን ግን የአፋርን ሐሩር አይደፍርም፤ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ቀበርቾ ይባላል።

ሥሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለራስ ምታትና ለሳል ይታጠኑታል፤ ጭሱ እባብ ያርቃል የሚሉም አሉ። ተክሉን በቁሙ ያየው ግን ጥቂት ነው። የቅጠሉ ዳር ዳር እሾህ ነው፣ አናቱ ላይም ድቡልቡል የእሾህ ኳስ ይይዛል። ኳሱ አንድ አበባ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ መሸፈኛ ያላት አንድ አበባ ናት፤ ብዙዎቹ ተጠጋግተው ነው ሉሉን የሠሩት። ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባ ዘመዶቹ ናቸው። ከነሱ መካከል በእሾህ የሚፎካከረው ያው ሱፍ ነው፤ ሱፍ ያጨደ ያውቀዋል!

ቀበርቾ የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙን፣ «ኤኪኖፕስ ቀበርቾ»ን፣ ያወጡለትም ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው።

ጣጣው ሥሩ ላይ ነው። ከዓመት ዓመት የሚያቆየው ሥሩ ነው፣ ገበያው የሚፈልገውም ያንኑ። ጤና አዳም ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቀበርቾ ግን ሥሩ ተቆፍሮ ሲወጣ ተክሉም አብሮ ይሄዳል። ዘሩ ሳይረግፍ ከተቆፈረማ ተተኪም አይኖረውም። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ፦ ከጓሮ ነው ወይስ ከዱር?